በማርያም ቀን የተለካው ውሃ

ጎረቤቴን እትዬ ዘነበችን ወገባቸውን ዛሬም አልተሻላቸውም፤ ልጃቸው ከሮቤ መጥታ እያስታመመቻቸው ነው።

የጎዳቸው ከወንዝ ውሃ እያመላለሱ ጎመን ማጠጣት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የሰፈራችንን የጋራ ልብስ ማጠቢያ እጣቢ አጣርቶ ወደ ጓሯችን ሊያወርድ አስቧል ሲባል ከሁላችን በላይ የተደሰቱትም እሳቸው ናቸው።

ዛሬ መሐንዲሱ የእጣቢውን መጠን ሊለካ መጣ። ባልዲውን ከማጠቢያው ቦይ ሥር ደቅኖ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ጠብ ጠብ ብቻ! ያጥቡ የነበሩት እነ ፋጡማ ብቻ ናቸዋ።

«አያዋጣም» ብሎ ሊጽፍ ሲል ደረስኩ።

«ጌታዬ፣ ዛሬ እኮ ማርያም ናት! ማን ልብስ ያጥባል?»

«እኔም አስቀድሼ ነው የመጣሁት» አለና በራሱ ሳቀ። የተማረም ይረሳል ለካ! ነገ ይመለሳል።

ሴቶቹ «ነገ ያለንን ልብስ ሁሉ እናውጣ» አሉ። እኔ ግን ከበደኝ፤ ነገ ውሃው በውሸት በዝቶ ቢለካና በዚያው ልክ ብንተክል በበጋ የሚደርቀው የእኛው ጎመን አይደል?

እትዬ ዘነበችን አማከርኳቸው።

«እንደ ወትሮው እጠቡ» አሉኝ ከተኙበት። «የእኔን ነጠላ ግን ወስደሽ እጠቢልኝ። ደህና ብሆን ነገ እዚያው ነበርኩ።»

እናንተ ሰፈርስ ሊለካ የመጣ ሰው እንዲህ ተሳስቶ ያውቃል? እስቲ አጫውቱኝ።