እትዬ ይግባኝ እና ጠዋት ጠዋት የሚወጣው ሰውዬ

የሰፈሩ ሰው ጠበቃዋን «እትዬ ይግባኝ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት አንድ ተከራካሪዋ የነበረ ጠበቃ ነው። ተሸንፋ አታውቅም ማለቱ አልነበረም፤ ተሸንፋ ዝም ብላ አታውቅም ማለቱ ነው። በማርገዟ ከሥራ የተሰናበተች፣ የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም ባለ ማግሥት በሩ የተዘጋበት፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ የእሷን ቢሮ ደረጃ ይወጣል። ጸጉሯ በዚሁ ሸበተ። በሕልሟ እንኳ ትከራከራለች፤ ባሏ፣ ምስኪን፣ «ፍርድ ቤቱ ተዘግቷል፣ ብርድ ልብሱን ልቀቂልኝ» እያለ ነው የሚያድረው።

ቢሮዋ ሁለት ክፍል ናት። በፊተኛው ክፍል የጠዋት ፀሐይ በመጋረጃው ሾልካ ስትገባ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ጊዜም አብሮት የቆመ ይመስላል። ማተሚያ ቤት ይሠራ የነበረው ሰውዬ የሚውለው እዚያ ነው። ማኅበር ብሎ ከተባረረ ጀምሮ ሸሚዙን ለብሶ፣ ምሳውን ይዞ፣ ሚስቱን «ሥራ ሄድኩ» ብሎ ይወጣና እዚያ ይቀመጣል። ሲመሽ «ደከመኝ» ብሎ ቤቱ ይገባል። እውነትም ይደክመዋል፤ ዝም ብሎ እንደ መቀመጥ ያለ አድካሚ ሥራ የት አለ!

ጸሐፊዋ «ቀጠሮ የለውም እኮ» ስትላት፣ እትዬ ይግባኝ «ተዪው» አለቻት። አባቷም አንድ ዘመን ከሥራ ተባርሮ እንዲሁ እየወጣ ወንዝ ዳር ይውል ነበር። እሷ ይህን ያወቀችው ከሞተ በኋላ ነው። ጠበቃ የሆነችውም፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሕግ ወድዳ ሳይሆን ነገሩ አንጀቷን በልቷት ነው። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት፣ ምሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወንዙ ዳር የተቀመጡ ወንዶች ታያለች። ማንም አይናገርም፣ ውሃው ብቻ ይሄዳል።

እትዬ ይግባኝ በማተሚያ ቤቱ ላይ ክስ መሠረተችለት። የችሎቱ ዕለት ሰውዬው በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ እጇን ያዛት።

«እትዬ፣ ክሱን እናንሳው።»

«ምን ሆነሃል? ዛሬ ካነሳነው ወደ ሥራህ መመለስ የለም፤ አበቃ።»

«ችሎቱ ለሁሉ ክፍት ነው። ወሬው ዛሬውኑ ቤቴ ይገባል። ስንት ጊዜ እንደዋሸኋት ስትሰማ ምን ትለኛለች? ይቅር፣ ሆድ ይፍጀው። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝምታውስ አይነቅዝም፤ ሰውዬው ነው የሚነቅዘው!»

ቢሆንም ምርጫው የእሱ ነው። ሰው ክሱን ማንሳትም መብቱ እንደሆነ ስታስተምር ነው የኖረችው። ውስጧ እያረረ የክስ ማንሻውን ልትጽፍ ብዕሯን ከቦርሳዋ አወጣች።

ያን ጊዜ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከመስኮቱ ብርሃን ውስጥ፣ አንዲት ሴት ቀስ እያለች መጣች።  የሰውዬው ሚስት ናት።

«አንቺ... ማን ነገረሽ?»

«ሸሚዝህ» አለችው። «የማተሚያው ቀለም ሽታ ከጠፋበት ስንት ጊዜው! እንዳታፍር ብዬ ንጹሑን ሸሚዝ ሳጥብ ከረምኩ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል ስል፣ ጭራሽ ክራባት አሰርክ። በቃ አልኩና ተከተልኩህ።»

 እሷ ክራባቱን አቃናችለትና «በል ግባ» አለችው።

ዳኛው ስሙንና አድራሻውን ጠየቁት። ቀጥለው «ሥራ?» አሉት።

ዞሮ ሚስቱን አያት።

«ሥራ የለኝም» አለ፤ ድምፁ በር ድረስ ተሰማ። «አባረውኛል። መልሱኝ ልል ነው የመጣሁት።»

«እሰይ!» አለች ሚስቱ ከኋላ ወንበር። ችሎት አስከባሪው «ፀጥታ!» ብሎ ሲቆጣ፣ እትዬ ይግባኝ ዕንባዋን እየጠረገች ለመናገር ተነሳች።