የጥየቃ እንክብል

ታላቅ ወንድሜ ይጁቤ አጠገብ ያርሳል። በሰኔ እርሻ ላይ ማረሻው ድንጋይ ነክሶ ሲፈናጠር ቅልጥሙን መታው። እሱም አገሩ እንደሚያደርገው አንድ እንክብል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሰ፤ በጨርቅ አሰረውና ወደ በሬዎቹ ተመለሰ። ደብረ ማርቆስ እኔ ዘንድ ሲመጣ ክረምቱ ወጥቷል፤ ቁስሉ ግን አልደረቀም። በመሃሉ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ታዞለት ወስዶ፣ ሁለቱም አልሠሩለትም።

ሆስፒታል አስተኙት። ሐኪሙ ራጁን አይቶ ነገሩን ሳያድበሰብስ ነገረን። "አጥንቱን ገና አልነካውም። ወደ አጥንት ከዘለቀና የምንሰጠው መድኃኒት ካልሠራ ግን እግሩን ልናጣው እንችላለን።"

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረና "ሰው ባንድ እግር ያርሳል?" አለኝ።

ሚስቱ "ያ ኃይለኛ የሚባለው መርፌ አለ አይደል? እሱን ለምን አይወጉትም?" አለች። ሐኪሙ እምቢ አለ። መጀመሪያ ቁስሉ ውስጥ ያለው ተሕዋስ መታወቅ አለበት፤ እስከዚያ ማንኛውም አንቲባዮቲክ ይቁም አለ።

ጋዜጠኛ ነኝና ይህን ጉዳይ ከቆየ ጀምሮ ተከታትዬዋለሁ። እንዲህ ካለ ቁስል የተወሰደ ናሙና በበረዶ ሣጥን ታሽጎ በሕዝብ አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሲጫን ቆሜ አይቻለሁ። ውጤቱ ሲመለስ በሽተኛው ወይ ወደ አገሩ ሄዷል፣ ወይ ተቀብሯል። መድኃኒት የተላመዱ ተሕዋስያንን ስለመግታትና ስለ "አገራዊ አቅም ግንባታ" ብዙ ስብሰባ ዘግቤያለሁ። አሁን ግን ናሙናው ከወንድሜ አልጋ ተነሥቶ ግቢውን አቋርጦ እዚያው ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ገባ።

ላቦራቶሪውን የምትመራው ወጣት ሴት ናት፤ የከተማችን ልጅ። ውጤቱን ስንጠብቅ ራሷ ወደ ክፍሉ መጣች። ናሙናውን በዘራችበት ሳህን ላይ ምንም ተሕዋስ አልበቀለም።

"አባቴ፣ መድኃኒት አልወሰድኩም ብለውኝ ነበር።"

"አልወሰድኩም ልጄ። ሐኪሙ አቁም አለኝ፣ አቆምኩ።"

መግል የያዘ ቁስል ባዶ ሳህን መስጠቱ አልተዋጠላትም። አልጋው አጠገብ የተከመረውን አየች። "ጠያቂ በዝቶልዎታል። ምን ምን ይዘው መጡ?"

ወንድሜ ፊቱ በራ። "የኛ አገር ሰው እኮ ደግ ነው! ዳቦው፣ ማሩ፣ ብርቱካኑ። ጎረቤቴማ ለጥርሱ ታዞለት የተረፈውን እንክብል ሳይቀር ነው ያመጣልኝ።"

"የታለ?"

"ጠዋትና ማታ እውጠዋለሁ እንጂ! ከይጁቤ ድረስ ተሸክሞ መጥቶ ልመልስበት?"

"እሱ መድኃኒት አይደለም?"

"እሱማ ጥየቃ ነው።"

የክፍሉ በሽተኛ ሁሉ ሳቀ። ሚስቱ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ በሻይ የምታስውጠው እሷ ነበረች። ባለሙያዋም ስቃ ስታበቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"እንክብሉ ተሕዋሱን አልገደለውም፤ አደነዘዘው እንጂ። እኔ ዘንድ አልበቅል ያለኝ ለዚህ ይመስለኛል። እግርዎ ውስጥ ግን ሥራ አልፈታም። ካላበቀልኩት ደግሞ ምን እንደሚገድለው አላውቅም።"

ወንድሜ ከትራሱ ሥር ትንሽ ፌስታል አውጥቶ ሰጣት። "ለጎረቤቴ እንዳትነግሩት" አለ።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነበር። ሐኪሙ ትኩሳት እንደሌለው እያየ፣ ቁስሉን እያጠበ፣ እንደገና ናሙና እስኪወሰድ ያለ መድኃኒት አቆየው። ሚስቱ "አስተኝተው መድኃኒት የሚከለክሉት ምን ዓይነት ሕክምና ነው? አዲስ አበባ ውሰደው እንጂ!" እያለች እኔን ወጠረችኝ። የማውቀውን ደጋግሜ ነገርኳት፤ አላመነችኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም ቁስሉ በተፈታ ቁጥር የማየው የእግር ጣቶቹን ነበር፤ ይንቀሳቀሱ እንደሆነ።

ሁለተኛው ናሙና ከቁስሉ ጥልቅ ተወሰደ። ይህኛው በቀለ።

ባለሙያዋ ጠርታ ሳህኑን ለብርሃን ያዘችልኝ። ተሕዋሱ በሠራው ግራጫ ሽፋን ላይ ትንንሽ ነጫጭ የወረቀት ክቦች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ አንድ መድኃኒት ይዟል። ሚስቱ የለመነችው የኃይለኛው መርፌ ክብ ጋ ተሕዋሱ እስከ ጠርዙ ድረስ ተጠግቶ ተኝቷል፤ ከመጤፍም አልቆጠረውም። አንዱ ክብ ዙሪያ ግን ሽፋኑ ሸሽቶ ጥርት ያለ ባዶ ቦታ ነበር። ያረጀ፣ ተራ መድኃኒት ነው፤ ማንም ስሙን ጠርቶ አልለመነውም።

"ይህ ውጤት ያለ ስም አዲስ አበባም ይላካል" አለችኝ። "ተሕዋስ የትኛውን መድኃኒት የት እንደተላመደ አገር የሚያውቀው ከዚህ ዓይነቱ ነው።"

ከአዲስ አበባ ይጠበቅ የነበረ ነገር ከደብረ ማርቆስ ሲላክ አየሁ። በዘገባዬ ውስጥ ቅጽል አላበዛም፤ ያን ቀን ግን ደረቴ ሞልቶ ነው ግቢውን ያቋረጥኩት። ወንድሜ ያንኑ ተራ መድኃኒት ጀመረ፤ ቁስሉ ከሥሩ እየሞላ መጣ።

በጥር ይጁቤ ሄድኩ። ያ ጎረቤት በተራው ታሞ ስለነበር ልንጠይቀው ተነሣን። የወንድሜ ሚስት ማሩን አዘጋጀችና መድኃኒት ወደሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ዘወር አለች።

"አንቺ! ማሩ ይበቃል" አላት።

"ክዳኑን ፍለጋ ነው፣ ምን ያስጮህሃል!"

ወንድሜ ማሩን ተሸክሞ ቁልቁለቱን ወረደ። እኔ በከተማ ጫማዬ እየተንሸራተትኩ ኋላ ቀረሁ። ታች ደርሶ ዞሮ አየኝ።

"ምነው" አለኝ፣ "አንተ ደግሞ እግርህ ምን ሆነ?"