ላሞች የተሳለሙት ደጃፍ

ዛሬ ጠዋት ግድግዳ አንኳኳሁ። በአክብሮት ነው ያንኳኳሁት፤ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ በካልሲ ቆሜ። «ቤቶች!» ብዬም ተጣራሁ። በሕይወቴ ብዙ ዓይነት ጅልነት ሠርቻለሁ፤ ግድግዳን «ቤቶች» ያልኩት ግን ዛሬ ገና ነው።

ነገሩ የተበላሸው ከአልጋ ስነሣ ነው። ቀኑን ሃያ አንድ ነው ብዬ ተነሣሁ። የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ነው፣ አዳራሻችን ኪዳን ይደርሳል ብዬ፣ እህል ውሃ ሳልቀምስ ከምኖርበት ከሴንት ጄምስ ታውን በሳብዌይ፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ ከዚያ በኤግሊንተን አውቶብስ ሄድኩ። ለካ ቀኑ ሃያ ኖሯል። በኋላ ስካርቦሮ ያለችው ልጄ ጋ ኮል ሳደርግ፣ «አባዬ፣ ነገ እኮ ነው! የቀን መቁጠሪያውን አፕ ስልክዎ ላይ ጭኜልዎት የለም እንዴ? ለምን ቼክ አያደርጉም?» አለችኝ። እኔ ቀን የምቆጥረው በጣቴ ነው፤ ጣቶቼም ከኔ እኩል አርጅተዋል።

የምንጸልይበት አዳራሽ የራሳችን አይደለም። ከኤግሊንተን ዌስት ገባ ብሎ የሚገኝ የፈረንጆች አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እኛ ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤቱን፣ እንከራያለን። ወደ ቤዝመንቱ በሚወስደው ኮሪደር ላይ፣ በስተግራ፣ ባለ ቅስት የድንጋይ ደጃፍ ግድግዳው ውስጥ ተገንብቷል። ከቅስቱ ሥር በር የለም፤ በጡብ ተደፍኗል። የቤዝመንታችን በር ደግሞ የእሳት አደጋ መከላከያ ብረት ነው፤ ብረት መሳለም ለማንም አይጥምም። እኛ ደግሞ ደጃፍ ሳንሳለም ቤተ ክርስቲያን መግባት አንችልበትም። ስለዚህ ከዓመታት በፊት እኔ ያንን ቅስት መሳለም ጀመርኩ። እናቶች አዩኝ፣ ተከተሉኝ። ከእናቶች ኋላ ሁሉም ሰው። ዛሬ ዛሬ በዓል ሲሆን ሰልፍ ይያዝበታል። የቅስቱ ቀኝ ጎን፣ እስከ ወገብ ከፍታ ድረስ፣ እንደ ሳሙና ልስልስ ያለ ነው። «የስንት ምእመን ግንባር ያለሰለሰው ይሆን!» እያልኩ፣ ግንባሬን እዚያው ላይ አሳርፍ ነበር። ወገብ ከፍታ ላይ ግንባር ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም ጎንበስ እያልኩ እሳለም ነበር።

ዛሬ ስገባ አፌን የሸፈንኩበት ሻርፕ የመለሰው ትንፋሼ መነጽሬን በጉም ሸፈነው። የጎን በሩ ክፍት ነው፣ የኮሪደሩ መብራት ግን ጠፍቷል። አቅጣጫ ተምታታብኝ። እጄ ድንጋይ ነካ፤ ተሳለምኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ብረቱ በር ጋ የደረስኩ መሰለኝና አንኳኳሁ።

ከውስጥ ተመለሰልኝ።

የቸኮለ ማንኳኳት አልነበረም። ብዙ ሲጠብቅ የቆየ ሰው፣ ጊዜው ሲደርስ «አለሁ» የሚለው ዓይነት ነው። ቄሳችን ናቸው ብዬ፣ «አባ፣ ይክፈቱልኝ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። እግሬን ቅዝቃዜ እየተሳበ ያዘው። መነጽሬን በነጠላዬ ጠርጌ ሳይ፣ ፊቴ የቆመው ጡብ ነው።

ልሽሽ ነበር። ግን ጫማዬን የት እንዳወለቅኩ ጠፋኝ።

በዚያው ቅጽበት ከኋላዬ አንዲት ሴት ጮኸች። እኔም ጮህኩ። የሷ ጩኸት ይሻል ነበር፤ የኔ እንደ ተረገጠች ድመት ነው የወጣው።

መብራት ሲበራ የማውቃቸው ሴትዮ ናቸው። የዚያ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናቸው፤ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ቁልፍ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። በዕድሜ እኩያሞች ሳንሆን አንቀርም፤ እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። ደረታቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ!» አሉኝ። «መነኩሴው መስለውኝ እኮ ነው።»

«የቱ መነኩሴ?»

«በረኛው። ደግነቱ ነጭ ለብሰዋል። የነሱ ልብስ ጥቁር ነው። ጥቁር ለብሰው ቢሆን ኖሮ ይኸኔ እዚህ ወድቄ ያገኙኝ ነበር።»

የኔ እንግሊዝኛ በረዶ እንደ ረገጠ ሽማግሌ ነው፤ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ አንዳንዴም ይወድቃል። ቢሆንም ከዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን የሰማሁትን በደንብ ሰምቻለሁ።

ያ ደጃፍ የእንግሊዝ አገር ነው። አንድ ባላባት ጦርነት ላይ ያፈሰሰው ደም እንቅልፍ ነሳውና፣ ለነፍሱ የሚጸልዩለት ቤኔዲክታውያን የሚባሉ ጥቂት የካቶሊክ መነኮሳት በርስቱ ላይ አስቀመጠ። ትልቅ ገዳም አልነበረም፤ የሌላ ትልቅ ገዳም ቅርንጫፍ ነው። አንድ አለቃና ከአንድ ማዕድ ዙሪያ የማይተርፉ መነኮሳት፣ ጠባብ ቤተ ክርስቲያን፣ የዓሣ ኩሬ፣ የርግብ ቤት፣ ወፍጮ። ሌሊት ተነሥተው ይጸልያሉ። «ልክ እንደኛ ሰዓታት» አልኳቸው፤ ወጣት ሳለሁ ድቁና ነበረኝ። ከዚያ ወረርሽኝ ገባና ከመካከላቸው ብዙውን ወሰደ። የቀሩት ሰው አነሳቸውና አንዱ የሁለት ሰው ዜማ ያዜም ነበር አሉ። በመጨረሻም ንጉሡ ከሮም ጋር ተጣልቶ ገዳማቱን ዘጋ። ጣሪያው የተከደነበትን የእርሳስ ብረት አቅልጠው ወሰዱ፣ ደወሉን አወረዱ። ድንጋዩን መንደርተኛ እየተሸከመ አጥር ሠራበት። ዛሬ እዚያ ሜዳ ላይ የቀረው የአንድ ግድግዳ ጥግና ኩሬው የነበረበት ጎድጓዳ ቦታ ብቻ ነው፤ ሳማ በቅሎበታል።

«ይሄኛውስ?» አልኩ ቅስቱን እያሳየሁ።

«ይሄ ከነቅስቱ ተነቅሎ የከብት በረት በር ሆነ። ለብዙ ዘመን። ያን ልስልስ ያለ ጎን አይተውታል? ላሞቹ ሲገቡ ሲወጡ እየታከኩ ነው ያለሰለሱት። በኋላ የዚህ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሀብታም ገዝቶ በመርከብ አስመጣው።»

ያን ሁሉ ዓመት በፍቅር ግንባሬን የጫንኩት የላም ዳሌ መታከኪያ ላይ ነው። ጉባኤውን ሁሉ ያሰለፍኩትም እዚያው ላይ ነው። ይህን ለእናቶች የሚነግር ወንድ ይምጣ፤ እኔ አልነግርም።

«በረኛውስ?» አልኩ፣ ከላሞቹ ለመሸሽ።

በዚያ ሥርዓት በር የሚጠብቀው ሽማግሌ መነኩሴ ነው አሉኝ። ማንም ቢያንኳኳ፣ ድሃም ቢሆን፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ነው የሚከፍተው። የንጉሡ ሰዎች ሲመጡ ሌሎቹ የጡረታ መተዳደሪያቸውን ተቀብለው ሄዱ። በረኛው ግን መሄጃ አልነበረውም። መንደር ውስጥ ተጠግቶ፣ በየጠዋቱ እየመጣ የተዘጋውን በር ያንኳኳ ነበር። ዕድሜ ልኩን ከውስጥ ሆኖ ሲከፍት የኖረ ሰው፣ ከውጭ ሆኖ የሚከፍትለት አጣ። አንድ ጠዋት እዚያው ደፉ ላይ ሞቶ አገኙት።

«አሁን ሳንኳኳ መልሶልኛል» አልኳቸው።

«የማሞቂያው ቧንቧ ነው» አሉ ወዲያው። «ከጡቡ ጀርባ ያልፋል።»

እኔም እፎይ አልኩ። ከዚያ አየኋቸው። ካፖርታቸውን ቆልፈዋል፣ የሱፍ ቆብ ደፍተዋል፣ ከአፋቸው እንፋሎት ይወጣል። ማሞቂያው ከጠፋ ሰንብቷል። እሳቸውም እንዳየሁ አዩ። ሁለታችንም ስለ ቧንቧው ደግመን አልተናገርንም።

የመጡት ለመሰናበት ነበር። ሕንጻው ሊፈርስ ተሽጧል። እኛም እንደምንወጣ አውቀናል፤ ስካርቦሮ አንድ የትምህርት ቤት ጂም፣ የስፖርት አዳራሽ፣ ለመከራየት እየተነጋገርን ነው። ስለ ደጃፉ ግን አላሰብኩም ነበር። ቅዳሜ ሠራተኞች ነቅለው ይወስዱታል፤ በዚህ ቦታ የሚሠራው ፎቅ መግቢያ ሎቢ ውስጥ ለጌጥ ሊቆም ነው፣ ፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስቀረው፦ የጸሎት ቤት የሆነ ማኅበር ልውሰደው ካለ፣ ለሱ የመስጠት መብት ለሴትዮዋ ተሰጥቷቸዋል። እስከ ዛሬ ማታ።

«በየጠዋቱ ስመጣ እንደምን አደርክ እለዋለሁ» አሉኝ። «ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። የኔ ሰዎች ሁሉ አልቀዋል፣ እኔም ልጄ ጋ ወደ ምዕራብ ልሄድ ነው። የናንተ ሰዎች ግን ያልፋሉ፣ ይሳለሙታል። አይቻችኋለሁ። ለዚያ ሰውዬ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? እባክዎ ትወስዱት እንደሆነ ሰዎችዎን ይጠይቁልኝ።»

እኔ ለሰው ልጅ «አይሆንም» ማለት አልችልም፤ በዚህ የተነሣ ሰዎች ውሰድ ያሉኝ ሦስት ሶፋ አለኝ። እዚያው ቁጭ እንዳልኩ የሰበካ ጉባኤያችንን ሰብሳቢ ኮል አደረግሁ። ሥራ ላይ ነው፣ ትራክ ይነዳል።

«ጋሼ፣ ደህና አደሩ? ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው። አንድ በር እንውሰድ ወይ ልልህ ነው።»

«የምን በር?»

«የምንሳለመውን። የድንጋዩን።»

ሳቁ ሴትዮዋ ጋ ሁሉ ደረሰ። «ኧረ ጋሼ! ታቦቱን የምናሳርፍበት አጥተን፣ እርስዎ በር ተሸክመን እንዙር ይላሉ? ጂሙ ውስጥ የት እናቆመዋለን? የባስኬቱ ሥር?»

«ለጊዜው የሆነ ቦታ ብናስቀምጠውስ?»

«የማስቀመጫ ስቶሬጅ ኪራይ ማን ይከፍላል? ደግሞ የኛ ሃይማኖት አይደለም፣ ነገ ሰው ይጠይቃል። እኔ ልሙት ጋሼ፣ ይተዉት። በቃ፣ ድንጋይ እኮ ነው።»

እውነቱን ነው። በእውነት የተናደድኩትም ለዚህ ነው።

መተርጎም አላስፈለገኝም። ሴትዮዋ ሳቁን ሲሰሙ ጓንታቸውን ማጥለቅ ጀምረዋል። «ገባኝ» አሉ። ቅስቱን ሳያዩ፣ «እናንተ ለሙታን የምትሉት ነገር አላችሁ፤ ቤዝመንት ሲዜም ሰምቼዋለሁ። ቢያንስ እሱን ይበሉለት» አሉኝ።

ቄስ አይደለሁም፤ ድቁናዬም ከጥርሶቼ ቀድሞ ነው የሄደው። አባታችን ቢሰሙ ይቆጡኝ ነበር። ግን ተነሣሁ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ ጀመርኩ። «አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ ገብርከ...»፤ አቤቱ የባሪያህን ነፍስ አሳርፍ ማለት ነው። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። ኮሪደሩ ባዶ ስለሆነ ይሆናል፣ ዜማው ተመልሶ ሲመጣ የኔ ብቻ አይመስልም፤ አንዱ የሁለቱን የሚያዜም ይመስላል።

«ገብርከ» ላይ ስደርስ ቆምኩ። እዚህ ላይ ስም ይገባል። ዓለም የሚጠራበት ስም አይደለም፣ በጥምቀት የተሰጠው፣ ስመ ክርስትናው። እኛ ጋ ያለሱ ጸሎቱ ወደማን እንደሚሄድ አይታወቅም። ስንቱን ለቅሶ ቤት፣ «ስመ ክርስትናው ማን ነበር?» እያልን አስቁመናል።

«ስሙ ማን ነው?» አልኳቸው።

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። የባላባቱ ስም ይታወቃል። የገዳሙ አለቃ ስምም ይታወቃል። «በረኛው ነው የሚባለው» አሉ። «ስሙን የጻፈ የለም።»

«እንግዲያውስ አልችልም።»

«አንድ ስም ይስጡታ!»

«የክርስትና ስም መስጠት የቄስ ነው።» የራሴን ላበድረው አሰብኩ፤ ግን በራሴ ስም ፍትሐት ቆሜ ማድረስ፣ በዚህ ዕድሜ፣ በዚያ ብርድ፣ ሰሚ ሊያገኝ ይችላል ብዬ ፈራሁ። «እፈልግለታለሁ» አልኩ። ከየት እንደምፈልግ እግዜር ይወቀው። እሳቸው ግን አመኑኝ። እጄን ጨበጡ፣ ጫማዬንም ከአግዳሚው ሥር አውጥተው ሰጡኝ፣ በሩን ቆልፈው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ለቄሳችን ደውዬ፣ ማንን እንደሆነ ሳልናገር፣ ስሙ ለማይታወቅ ሰው ምን ይባላል አልኳቸው። «ስሙን አንተ ታውቃለህ ብሎ ማለፍ ነው» አሉኝ። ጥሩ መልስ ነው፤ ለቄስ ይሆናል። እኔ ግን ሳስበው፣ ለመጣ ሁሉ በር ሲከፍት የኖረ ሽማግሌ «አንተ ታውቃለህ» ተብሎ የሚታለፍ አልመስል አለኝ። ይኸው ቤቴ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብዬ የማውቃቸውን ስመ ክርስትናዎች አንድ በአንድ እየጠራሁ ነው፤ አንዱ ሲጠራ በረኛው ቀና ይል እንደሆነ ብዬ። እስካሁን ቀና ያለ የለም። «ነፍሰ ገብርከ» ብዬ የጀመርኩት እዚያው እንደቆመ ነው፤ ለዚያ ሰውዬ አንድ ስም ዕዳ አለብኝ።