ዝምተኛው ዶሚኖ

ኤውፌሚያ ስፓኒሽ በሚነገርባት በባራኦና ከተማ እንግሊዝኛ ስታስተምር ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። አሥራ ዘጠኙን ያሳለፈችው በአንድ ክፍል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ሲሆን ከግድግዳው ወዲያ ዶን ቢሪያቶ ሂሳብ ያስተምራል። ጠዋት አርባ ሦስት ልጆች፣ ከሰዓት አርባ አንድ። ቤት ስትገባ እግሯን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ ትቀመጣለች፤ ባሏ ውሎሽ እንዴት ነበር ሲላት ለመመለስ እንኳ ይታክታታል።

በዚያ ዓመት በጨዋታ ማስተማር ጀምራ ነበር። መጀመሪያ ዘፈን አስዘፈነች፣ ቀጥላ ኳስ አቀባበለች። በሁለቱም ጊዜ ዶን ቢሪያቶ ግድግዳውን ደበደበ፤ በሁለተኛው አቤቱታም ጻፈ። የወረዳው ሱፐርቫይዘር ሬይናልዶ ነገሩን ቁርጥ አደረገው። ሐሙስ መጥቶ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ የጫጫታ አቤቱታ ከመጣ ጨዋታው ቀርቶ ከሰሌዳ መገልበጥ ይቀጥላል። መገልበጥን ኤውፌሚያ በደንብ ታውቀዋለች። ዓመቱን ሙሉ ሲገለብጡ ከርመው ስማቸውን እንኳ በእንግሊዝኛ መናገር ሳይችሉ የወጡ ልጆች፣ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ሆነው መንገድ ላይ ሰላም ይሏታል። በስፓኒሽ።

ስለዚህ ዶሚኖ ሠራች። ከሱቅ ለምና ያመጣችውን የቢራ ካርቶን ቆርጣ በአንዱ ጫፍ ሥዕል፣ በሌላው ቃል አደረገች። ካርድ የሚያስቀምጥ ልጅ የተገጣጠሙትን ሥዕልና ቃል አያይዞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ተቀምጠው የሚጫወቱት ስለሆነ የሚረበሽ አይኖርም ብላ አሰበች።

ሐሙስ ሬይናልዶ ከኋላ ተቀመጠ። ልጆቹ ሁለት ለሁለት ተጣምረው፣ ካርዳቸውን በመዳፋቸው ከልለው ጠረጴዛዎቹን ከበቡ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣም። አባቶቻቸው ሱቅ ደጃፍ እንደሚያደርጉት ፊታቸውን አኮሳትረው፣ እያሰሉ፣ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ጣል ያደርጋሉ። ኤውፌሚያ እየዞረች ተናገሩ እንጂ ብላ በሹክሹክታ ለመነቻቸው። በመጨረሻ የመለሰችላት ዳርሌኒ ናት፤ ዓመቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ክፍል ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

«ዶሚኖ ላይ ማውራት እኮ ማጭበርበር ነው፣ ቲቸር። ለጓደኛዬ ምልክት የሰጠሁ ይመስልብኛል።»

ሬይናልዶ ሲወጣ እጇን ጨብጦ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ክፍል በወረዳው አላየሁም፣ በዚሁ ይቀጥሉ አላት። ዶን ቢሪያቶም ኮሪደር ላይ አመሰገናት።

በዚሁ መቀጠል ትችል ነበር። ሁሉም ደስ ብሎታል፤ ጡረታዋም አራት ዓመት ነው የቀረው። ወደ ቤቷ ስትሄድ ዘይት ልትገዛ ሱቁ ጋ ቆመች። ደጃፉ ላይ አራት ሰዎች ዶሚኖ ይጫወታሉ፤ ድምፅ የላቸውም። ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁት ስድስት ሰዎች ግን አፋቸው አላረፈም። አንዱ ይመክራል፣ ሌላው ይሰድባል፣ ሦስተኛው የተጫዋቹን አማት ሳይቀር ያነሳል። ኤውፌሚያ ዘይቱን ይዛ ቆማ የቆሙትን ሰዎች ወሬ አዳመጠች።

ዓርብ ዕለት አራት አራቱን አስቀምጣ የቀሩትን ከኋላቸው አቆመች። የተቀመጠ ዝም ይላል፤ የቆመ በእንግሊዝኛ ያሽሟጥጣል፤ ጥሩ የተናገረ የተሸናፊውን ወንበር ይወርሳል። ምን እንደሚከተል ታውቅ ነበር።

ዳርሌኒ ከአክስቷ ልጅ ከዊልኪን ኋላ ቆማለች። ዊልኪን የዓሣውን ሥዕል «አውቶቡስ» ከሚለው ቃል ጋር ሲያገጥም ትንሽ አሰበች። ከዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ እያንዳንዱን ቃል እየፈለገች፣ «ይሄ ልጅ አውቶቡስ ላይ ዓሣ አሳፈረ። ዓሣው ከሱ የተሻለ ይነዳል» አለች።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ወዲያው ግድግዳው ተደበደበ።

«ኤውፌሚያ! የትናንቶቹ ልጆች የት ሄዱ?» አለ ዶን ቢሪያቶ ከወዲያ።

ኤውፌሚያ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች፤ ድብደባው አጥንቷ ድረስ ይሰማታል። አቤቱታው ሰኞ ይጻፋል። ሬይናልዶ ማክሰኞ ከመምጣቱ በፊት ከዚህ ክፍል ጋር ሁለት ክፍለ ጊዜ አላት።

«ድገሚው፣ ዳርሌኒ» አለች። «ጮክ በይ፣ እዚህ አይሰማም።»