ዳኝነትን እምቢ ያሉት የጨርቅ ነጋዴ

በልጅነቴ፣ ከመሳለሚያ ዝቅ ብሎ በሚገኘው የአያቴ ልብስ ስፌት ቤት፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ስለ ታላላቆቹ ኢማሞች እሰማ ነበር። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ፣ አባባ የምላቸው አያቴ ፋኖሱን ከስፌት መኪናው ጎን ያስቀምጡና፣ የከሰል ካውያቸውን ፍም እፍ እያሉ፣ የሞቀ ሱፍ ሽታ ቤቱን ሞልቶት ያወሩልኛል። ኢማም ማሊክ ተገርፈው ቃላቸውን እንዳላጠፉ፣ ኢማም ሻፊዒ ልጅ ሆነው ወረቀት መግዣ ቢያጡ አጥንት ላይ እንደጻፉ ነግረውኛል። ልባቸው ግን ኢማም አቡ ሐኒፋ ጋ ነበር።

«እንደኛው የጨርቅ ሰው ናቸው» ይሉኛል በኩራት።

የዘመኑ ገዢ፣ ኸሊፋው፣ አቡ ሐኒፋን ዋና ዳኛ ሁን ቢላቸው «ብቁ አይደለሁም» አሉ። «ትዋሻለህ!» ሲላቸው፣ «እንግዲያው ውሸታም ዳኛ አይሆንም» ብለው መለሱለት። ታሰሩ፤ ተገረፉ፤ እሺ ግን አላሉም።

«አባባ፣ ዳኛ መሆን ምን ክፋት አለው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ፍርዱንማ ገዢው ጨርሶታል፤ ከእሳቸው የፈለገው ስማቸውን ብቻ ነው።»

ሰባተኛ ክፍል የክፍል አለቃ ሳለሁ መምህራችን ቢሮ አስጠሩኝ። ሀና የምትባል የክፍሌ ልጅ ፈተና ስትኮርጅ አይቻለሁ የሚል ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሀና በዚያው ሳምንት ተማሪ ፊት ስህተታቸውን አርማቸው ነበር። ስትኮርጅ ግን አላየኋትም።

«ፈርሚ» አሉኝ።

«አላየሁም፣ ቲቸር።»

«እኔ አይቻለሁ፤ አንቺ ፈርሚ ብቻ!»

«ካዩ እርስዎ ይፈርሙ።»

በጣም ፈርቼ ነበር። አለቅነቴን ወዲያው ቀሙኝ፤ ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ፊት እንድንበረከክም ፈረዱብኝ። የመጀመሪያው ቀን ማታ ለአባባ ስነግራቸው ጎበዝ ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን የተላጠ ጉልበቴን አይተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ነገ ሄጄ ላናግርልሽ?»

«አይ አባባ፣ ራሴ እጨርሰዋለሁ።»

ሦስቱንም ቀን ተንበረከክሁ። ሀናም የሚመሰክርባት ስለጠፋ ከትምህርቷ አልተባረረችም።

አባባ ዛሬ የሉም። ከነገሩኝም ብዙው፣ የከተሞቹም የኸሊፋዎቹም ስም ተምታቶብኛል። ያኔ ግን እምቢ የሚል ሰው የማይፈራ ይመስለኝ ነበር፤ እየፈሩም እምቢ ማለት እንደሚቻል ያወቅሁት በእነዚያ ሦስት ጠዋቶች ነው። አሁን በምሠራበት ቢሮም አንዳንዴ ያላየሁትን ፈርሚ እባላለሁ። እፈራለሁ። አልፈርምም።