ከአዲስ ኮፒ የተፈታ ኦሪጅናል

መካኒኬ ደውሎ «የፍሬን ፓምፑ መለወጥ አለበት፤ ኦሪጅናሉን ልዘዝልሽ ወይስ ኮፒውን?» ሲለኝ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ረገጠ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን በገባን በዓመቱ፣ አስር ዓመቴ ነበር። አባባ ለመኪናው የፍሬን ፓምፕ ሊገዛ ሜድስቶን የሚባል ሰፈር ወዳለ የመለዋወጫ ሱቅ ይዞኝ ሄደ፤ እንግሊዝኛው የኔ ሥራ ነበር። ሱቁ አዲስ ጎማ ጎማ ይሸታል። ሻጩ ሦስት ፓምፕ ደረደረልን፤ አዲስ ኦሪጅናል፣ ሌላ ፋብሪካ የሠራው አዲስ ኮፒ፣ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ኦሪጅናል። አባባ የተፈታውን አነሳ።

«ከአዲስ ኮፒ የተፈታ ኦሪጅናል ይሻላል» አለ። አዲስ አበባ ታክሲ ሲነዳ የተማረው ነው።

ሻጩ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ በእንግሊዝኛ «ለፍሬን አሮጌ አይሆንም፤ የውስጡ ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ ይደርቃል። ኮፒው ይሻለዋል በይው» አለኝ።

«ምን አለ?» አለ አባባ።

ከኋላችን የክፍሌ ልጅ ከእናቷ ጋር ቆማ ታየናለች። ቶሎ መውጣት ፈለግሁ።

«ጥሩ መርጠሃል አለ።»

ከዚያ ወዲያ ቀይ መብራት ባየሁ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሆኜ ወለሉን እረግጥ ነበር። «ምን ያቁነጠንጥሻል?» ይለኛል።

ፍሬኑ አንድም ቀን አልከዳንም። መኪናዋን የሸጠ ዕለት አባባ «አየሽ፣ ያ ፓምፑን የሸጠልን ሰውዬ እውነቱን ነበር የነገረን» አለኝ።

መካኒኩን «የፈለገው ይሁን፤ ብቻ አዲስ ይሁን» አልኩት። እግሬን ግን አላነሳሁም።