ከመጋረጃ የተሰፋው ጭራቅ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈርተኛው ሁሉ ዝምተኛ ናት ይላታል። ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ስለምትሠራ ማውራት አይመቻትም። ባሏ ግን ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሲነዳ የከረመበትን ዘመን ወሬ ሁሉ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጦ ሲዘረግፈው ይውላል። በዚህ ላይ ከአርባ ዓመት በላይ የደበቀችው ነገር ይኖራታል ብሎ ማን ይጠርጥር?

አንድ ጠዋት የልጅ ልጃቸው ላፕቶፗን ታቅፋ ሱቁ ገባች። ዩኒቨርሲቲ ፊልም ትማራለች፤ ከጓደኞቿ ጋር የተረሱ ፊልሞችን እያደኑ ያሳያሉ።

«እማማ፣ ጉድ አገኘን» አለች ላፕቶፑን ከፍታ እያሳየቻት። «የድሮ አስፈሪ ፊልም ነው። መናኛነቱን ብታዪ! ጭራቁ ዞር ሲል ጀርባው ላይ ዚፕ ይታያል።»

ልብስ ሰፊዋ ስፒሉን ከአፏ አወጣች። «ዚፕ አይደለም። የመጋረጃ ቀለበት ነው። እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

የልጅ ልጇ ልትጠይቃት ተጠጋች። አያትየው ግን ወዲያው ወሬውን ነጠቃት። «እሱን ፊልም እኔም አይቼዋለሁ» አለ። «አዳራሹ ሙሉ ሰው እግሬ አውጪኝ ሲል፣ እስከ መጨረሻው ንቅንቅ ሳልል ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።» ልብስ ሰፊዋ ይህን ታሪክ ከተጫጩ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። እንደ ወትሮው ስፒሏን መልሳ ነከሰች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከኪሱ ይልቅ አፉ የሞላ አንድ ዳይሬክተር ከተዘጋ ሆቴል ያገኘውን መጋረጃ ተሸክሞ መጣና ጭራቅ አዘዛት። ሰፋችለት። ጭራቁን ሊጫወት የመጣው ግዙፍ ሰውዬ ግን ልብሱ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ በሙቀት ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሌላ ሰው ለመፈለግ ጊዜም አቅምም አልነበረም። ዳይሬክተሩ ከላይ እስከ ታች አያት። ልብሱን በልኳ አጠበበችውና ለአሥራ አንድ ቀን እያጓራች ሰው ስታሳድድ ሰነበተች። አባቷ ቢሰማ ቤት እንደማያስገባት ስለምታውቅ ስሜ እንዳይጻፍ ብላ ለመነች።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱም ወደ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ሄዱ። ፊልሙ ገና ከመጀመሩ ወጣቱ በሳቅ ፈረሰ። ዝናቡ የሚዘንበው በአንድ መስኮት ላይ ብቻ ነው፤ ደሙ የቲማቲም ፍሬ አለበት፤ የሞተው ፖሊስ ያስነጥሳል። አፍራለሁ ብላ የፈራችው ልብስ ሰፊ ከሁሉም ብሳ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

መሀል ላይ ግን ሳቁ ቆመ። በፊልሙ ውስጥ ያለችው ሚስት «ቤቱ ውስጥ ሰው አለ» ትላለች። ባሏ ተኚ ይላታል። ሐኪሙ ኪኒን ይሰጣታል። ፖሊሱ ይስቅባታል። አራት ጊዜ ተናገረች፤ አንድም የሰማት የለም። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ተመልካቹ የሳቀው እዚህ ላይ ነበር። በመጨረሻ ጭራቁ ሴትየዋ ፊት ቆሞ እጁን ዘረጋና ፀጉሯን በቀስታ ዳሰሰ። አንዲት ተማሪ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ።

መብራት ሲበራ ውይይት ተጀመረ። መነጽር ያደረገ ተማሪ ተነሣ። «ያመናት ጭራቁ ብቻ ነው» አለ። «ያ መዳሰስ ርኅራኄ ነው። ዳይሬክተሩ ከዘመኑ ቀድሞ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው እጇን አወጣች። «ልጄ፣ ስለ ሴትየዋ ያልከው ልክ ነው። መዳሰሱ ግን ግድግዳ ፍለጋ ነው። የዓይኑን ቀዳዳ አሳንሼ ሰፍቼው ኖሮ ምንም አይታየኝም ነበር።»

«አይታየኝም?» አለ ተማሪው። «ማለት እርስዎ…»

«ጭራቁ እኔ ነኝ።»

አዳራሹ በጭብጨባና በፉጨት ተናጋ። የልጅ ልጇ ወንበር ላይ ወጣች። ባልየው ቀስ ብሎ ዞረ።

«አንቺ?»

«እኔ።»

«እና እስካሁን ዝም?»

ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ፊልሙ በተከፈተ ቀን ከኋላ ቆሜ ነበር። ቢጫ ሸሚዝ የለበሰ ረጅም ጎረምሳ የሰው ጉልበት እየረገጠ በአጠገቤ ወደ በሩ ሲሮጥ አየሁ። በኋላ ሻይ የጋበዝከኝ ቀን ያንኑ ሸሚዝ ለብሰህ መጣህ።»

ሹፌሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቀሰ ብላ ስትደነግጥ ለካ እየሳቀ ነው።

«ከሚስቴ ነዋ የሮጥኩት» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

ተማሪዎቹ ከበዋት ቆይተው እስኪለቋት ድረስ አንድ ሰዓት ሄደ። የልጅ ልጇ ፊልሙ በሚቀጥለው ጊዜ ሲታይ የአያቷን ስም ከነአባት ስሟ መጀመሪያው ላይ እንደምትጽፍ ነገረቻት፤ እሷም በትልቁ ይሁን አለች።

አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ባልየው እንደ ልጅ ወተወታት። «እስቲ አንዴ ብቻ አጓሪልኝ።»

ግራ ቀኝ አየችና ከሆዷ አጓራች። ከጎናቸው ዘንቢል ይዘው የተቀመጡ ሴትዮ ብድግ ብለው ወደ ማዶ ተሻገሩ። ሁለቱ አዛውንቶች ተደጋግፈው ሲንከተከቱ አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ጠበቃቸው፣ ጥሏቸውም ሄደ።